የጳጳሱን ቃል ማን ይናገር

ኤልሚ ፊልሙን የመረጠው በአንበሳው ነው። ዱባይ ያለ አንድ ድርጅት ለሙከራ ሦስት ፊልሞች ልኮ «አንዱን ወደ ሶማሊኛ መልሳችሁ አሳዩን፤ ከወደድነው ሥራው የእናንተ ነው» ሲለን፣ ኤልሚ የሦስቱንም ፖስተር ስልኩ ላይ አየና አፉን የከፈተው አንበሳ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ሀርጌሳ አንበሳ ይወዳል» አለ። ፊልሙን ግን አልከፈተውም።

የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ልማዴ በእጥፍ ፍጥነት። አንበሳው አንዴ ብቻ ይታያል፣ ያውም ተኝቶ። የቀረው ሁሉ ፖሊካርፐስ የሚባል ሽማግሌ ጳጳስ ሸሽቶ፣ ተይዞ፣ ተከራክሮ የሚሞትበት ነው።

«ኤልሚ፣ ጳጳስ ነው» አልኩት።

«ማን?»

«ጀግናው። የክርስቲያን ጳጳስ ነው። መጨረሻ ላይ ያቃጥሉታል።»

«አንበሳውስ?»

«አንበሳው አይነካውም። ሕዝቡ አንበሳ ይለቀቅበት ብሎ ሲጮህ የስታዲየሙ ኃላፊ የአራዊት ትርኢት ተዘግቷል፣ አይፈቀድልኝም ይላል።»

ኤልሚ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ፖስተሩ ላይ ምን ያደርጋል?»

«አንተን ይጠብቃል።»

ለመቀየር ጊዜው አልፎ ነበር። ምርጫውን ለዱባይ አሳውቋል፤ አንበሳውንም ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር እስከ ዳሚ ሰፈር ያለ ወጣት ሁሉ የልብ ምልክት አድርጎበታል።

ሥራችን እንዲህ ነው። ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎች በላይ፣ ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ አንድ ክፍል አለን፤ ስቱዲዮ እንለዋለን። የህንድና የቱርክ ፊልም ይመጣል። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ለካ ሐረማያ እንግሊዝኛ ያጠናሁት ለዚህ ኖሯል። አዴር ዓብዲሰላም ደግሞ አማርኛውን እያዩ ማይክራፎኑ ላይ በሶማሊኛ ይናገሩታል። አንዱን ቋንቋ ብንዘለው ጊዜ እንደምናተርፍ አውቃለሁ። የእኔ ሶማሊኛ ግን ቲማቲም ለመግዛት እንጂ የቱርክ ሱልጣን ለመግደል አይበቃም፤ የእሳቸው እንግሊዝኛም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ አማርኛ ላይ እንገናኛለን። እሳቸውም ኤልሚም ድሬዳዋ ያደጉ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ በድሬዳዋ ወግ ማንንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ ከጅማ መጥቼ «እርስዎ» እያልኩ ሳወራ መጀመሪያ ሰሞን ሲስቁብኝ ነበር። ኤልሚን ቶሎ አንተ አልኩት። እሳቸውን ግን አልቻልኩም፤ እንደ ሶማሌዎቹ «አዴር» ማለትን፣ አጎት እንደማለት ነው፣ ጨመርኩበት እንጂ እርስዎን አልተውኩም።

የአዴርን ድምፅ ሀርጌሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጀግናውም፣ ወንበዴውም፣ እናትየዋም፣ ዳኛውም እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በ«አለ» ነው። መጀመሪያ የሠሩት የህንድ ፊልም ላይ ጀግናው ጣዖት ፊት ተደፍቶ «አምላኬ አንተ ነህ» ይላል። አዴር ቃሉን በገዛ አፋቸው ብቻውን ማውጣት ፈርተው መጨረሻው ላይ «አለ» ጨመሩበት፦ «አምላኬ አንተ ነህ፣ አለ።» ያለው ሰውዬው ነው፤ እሳቸው የሰሙትን ነው ያወሩት። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነባቸውና ለሁሉም አደረጉት። «እወድሻለሁ፣ አለ።» «እገድልሃለሁ፣ አለ።» ሻይ ቤት ገብቶ «ሻይ አምጡ፣ አለ» የሚል ጎረምሳ ካያችሁ እሳቸውን እየቀለደባቸው ነው።

ዱባዮቹ ደግሞ ይህንኑ ነው ያልፈለጉት። ተራኪ አንሰማም፣ ተዋናዩ ራሱ ሶማሊኛ የሚናገር ይምሰል፣ ትርጉሙም ቃል በቃል ይሁን አሉ። እግረ መንገዳቸውንም አንድ ፕሮግራም ላኩልን። የአዴርን የቆዩ ቅጂዎች ሲያበሉት የጻፉለትን ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ይናገራል።

ኤልሚ አዴርን አስቀምጦ ነገራቸው። እኔም ነበርኩ።

«አዴር፣ ወይ አንተ ያለ ‹አለ› ትናገራለህ፣ ወይ ማሽኑ ይናገራል። ይህን ፊልም ማሽኑ ከሠራው ደግሞ የሚቀጥለውንም እሱ ነው የሚሠራው። ወንበሩ ወይ የአንተ ነው ወይ የእሱ። ነገር አላለሳልስም።»

«አላለሳለስክም» አሉ አዴር። «ጽሑፉን ስጡኝና ልየው።»

ወስደው ሲመለሱ ጳጳሱን ወደውት ነበር። እኔን ያናደደኝ ሰውዬ እሳቸውን አስደስቷቸዋል። የሰምርኔስ ጳጳስ ነው፤ ዛሬ ኢዝሚር የሚሏት የቱርክ ከተማ። በልጅነቱ ነቢዩ ዒሳን፣ ክርስቲያኖች ኢየሱስ የሚሉትን፣ ካዩ ሰዎች ተምሯል ይባላል። ሲፈልጉት ወዳጆቹ ገጠር ደበቁት። አንድ የቤት አገልጋይ ተገርፎ ቦታውን አወጣ። ወታደሮቹ ሲደርሱ ሽማግሌው ከሰገነት ወርዶ ምግብ አስቀረበላቸው፤ እናንተ ብሉ፣ እኔ አንድ ሰዓት ልጸልይ አለ፤ ሁለት ሰዓት ጸለየ።

«የእኛ መስጊድ ኢማም ነው በይኛ» አሉኝ አዴር። «አሳሪዎቹን አብልቶ! ይህ የወግ ሰው ነው።»

«ወታደሮቹ እስኪበሉ በጓሮ ማምለጥ ይችል ነበር» አልኩ።

«እንግዳ ጥሎ?»

ከዚያ ስታዲየም ይወስዱታል። አገረ ገዢው ይለምነዋል። ስለ ዕድሜህ ብለህ ቄሣር ጌታ ነው በል፣ ዒሳን ስደብና ሂድ ይለዋል። ሽማግሌው ከልጅነቴ ጀምሮ ጌታዬ ነው፣ አንድ ቀን ክፉ አላደረገብኝም፣ ምን ብዬ ልስደበው ይላል። «ከሓዲዎቹ ይጥፉ» በል ሲባልም፣ ከሓዲ የተባሉት የእሱ ሰዎች ናቸው፣ እጁን ወደ ተመልካቹ ዘርግቶ «ከሓዲዎቹ ይጥፉ» ይላል። እዚህ ላይ እኔም ስቄያለሁ። የቀረው ግን አልገባኝም። እኔ ብሆን የተባልኩትን ብዬ ለምሳ ቤቴ እደርስ ነበር።

«ሁሉንም እናገራለሁ» አሉ አዴር። «ያለ ‹አለ›። ሸምግዬ አዲስ ነገር መልመዴ ነው፣ እሺ። ይህችን ግን አልላትም።» ጣታቸውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ አደረጉ፦ «እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«አራት ቃል እንኳ አትሞላም» አለ ኤልሚ።

«ነኝ የሚል አለባት።»

«አዴር፣ ብትላት ምን ይጎዳሃል? አንዴ ብለሃት ትነሳለህ።»

«ኤልሚ፣ ተጠንቀቅ» አልኩት። «አሁን ያልከውን ፊልሙ ላይ የፖሊስ አዛዡ ነው የሚለው። ትናንት ተርጉሜዋለሁ። ሽማግሌው እንቢ ሲለው ከሠረገላ ገፍትሮ ቅልጥሙን ይልጠዋል።»

ኤልሚ አልሳቀም። የአገረ ገዢውን ድምፅ ራሱ ሊሠራ ስለነበር በዜኡስ የሚምለው እሱ ነው፤ የእኔን ከአላህ ጋር እጨርሳለሁ ብሎ ነገሩን አቅልሎታል። ሌላው ሰው ለምን እንደሚከብደው አይገባውም።

«‹አማኝ ነኝ› በለው» አለ።

«አይሆንም» አልኩ እኔ። «አገረ ገዢውም በዜኡስ ያምናል። ስታዲየሙ በሙሉ አማኝ ነው። ታዲያ ሰውዬውን ለምን ያቃጥሉታል? ታሪኩ ይፈርሳል። ዱባዮቹም ቃል በቃል ብለዋል።»

«‹ሙስሊም ነኝ› ቢልስ?»

አዴር መነጽራቸውን አወለቁ። «አንገቱ ላይ መስቀል አንጠልጥሎ? ነቢያችን ከመላካቸው በፊት? ቀን ሳይመሽ ሸኾቹ ደጃፍህ ላይ ናቸው።»

«የዚያን ዘመን የዒሳ ተከታይ እኮ ሙእሚን ነው፣ እውነተኛ አማኝ፤ ቁርኣን ላይ እንዳሉት፣ ስላመኑ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቃጠሉት ሰዎች። አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሰውዬውን ልብ አላየሁም። ስላላየሁ ነው እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ‹አለ› የምለው።»

ኤልሚ ወደ እኔ ዞረ። «ዊዳድ፣ ማሽኑን አስጀምሪው።»

አስጀመርኩት። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩና ተጫንኩ። ድምፁ የአዴር ነው፤ የጉሮሮ መሻከሩ እንኳ አልቀረም። ሶማሊኛው ግን ኦስሎ አድጎ ለክረምት አያቱን ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ሶማሊኛ ነው። «እኔ ክርስቲያን ነኝ» የሚለውን «ሻንጣዬ ጠፋብኝ» በሚል ዜማ ተናገረው።

አዴር የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ ሬስቶራንት ውስጥ የሌላ ሰው ሾርባ የመጣለት ሰው ፊት ነው።

«መጥፎ ነው» አልኩ።

«ይለመዳል» አለ ኤልሚ። «ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ዛሬ ማታ ድረስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሁሉንም በማሽኑ እሠራዋለሁ።»

እሱ ወጥቶ ሲሄድ እኔ የፕሮግራሙን መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ለአዴር አዝኜ አይደለም፤ ያን የኦስሎ ልጅ ወር ሙሉ የማርመው እኔ ስለሆንኩ ነው። መመሪያው ሌላ መንገድ አለ ይላል፤ አንድ ሰው ይናገርና ማሽኑ የሰውዬውን ንግግር፣ ዜማውንም ትንፋሹንም ሳይነካ፣ የአዴርን ድምፅ ያለብሰዋል። ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«አዴር» አልኩ፣ «ሌላ ሰው ቢለውና ድምፁ ወደ እርስዎ ቢቀየር?»

ጊዜ ወስደው አሰቡ። «የሚለው ሰው ምንድን ነው?»

«ምንድን ነው ማለት?»

«ሙስሊም ከሆነ የእኔን ኃጢአት ለሌላ ማሸከም ነው። ዋሽልኝ ማለት ነው።»

«ክርስቲያን ከሆነስ?»

«እውነቱን ነዋ የተናገረው። ድምፅ ጋቢ ነው፤ አውሰዋለሁ። ሲጨርስ ይመልስልኛል።»

ሁለታችንም እኩል ወደ ታች አየን፤ ወደ ጄኔሬተሩ።

የሕንፃውን ጄኔሬተር የሚጠግነው ዘሩባቤል የሐዋሳ ልጅ ነው። ዳሚ ውስጥ ቤት ያከራዩት ሴትዮ ስሙ አልያዝላቸው ብሎ «ዳሂር» አሉትና ዳሂር ሆኖ ቀረ። ማንም ሃይማኖቱን አልጠየቀውም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው አንድ ቀን ስልኩ ስቱዲዮ ውስጥ በመዝሙር ስለጮኸ ነው። ያን ቀን ስልኩን ለመዝጋት ሲጣደፍ አይተን፣ ኤልሚ «የጥሪ ድምፅ ቀይር» ከማለት በቀር ምንም አላልንም።

ጠራሁትና ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀዝቅዞ የቆመውን ጳጳስ ስክሪኑ ላይ አየው።

«ማነው?»

ኤልሚ ተመልሶ መጥቶ ነበር። «የእናንተው ሰው ነው እንጂ፤ ፖሊካርፐስ። አታውቀውም?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በጳጳስ ጉዳይ አልገባም።»

«ጴንጤ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ተወኝ። እናቴና አክስቴ እስካሁን በዚህ አይነጋገሩም።»

«ዘሩ» አልኩት፣ «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ትላታለህ፣ በአዴር ድምፅ ትወጣለች፣ ያንተን አጠፋዋለሁ። ካልሆነ ማሽኑ የአዴርን ወንበር ይወስዳል። ይኸው ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ዊዳድ እህቴ፣ ይህችን ቃል እኮ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ለራሴም ጮክ ብዬ ብያት አላውቅም። ልጆቼን ሳሳድግ ነው የኖርኩት። አሁን ማይክራፎን ላይ?»

«ለዚህ አይደል ግድግዳው ስፖንጅ የሆነው።»

አዴርን አየ። አዴር አልለመኑትም። ወንበራቸውን ለቀቁለትና በሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ።

«ድምፄን ፊቴ ታጠፊዋለሽ» አለኝ።

«ፊትህ።»

የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ምንም አልተሰማም። አፉ ተንቀሳቅሷል፤ መሣሪያው የያዘው ግን የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው።

«ዘሩ፣ ስታዲየም ውስጥ ነህ። ሕዝብ ይጮኻል። በግልጽ ስማኝ ብሎ ነው ሰውዬው የሚናገረው» አልኩት።

ሁለተኛው ሹክሹክታ ነበር። ሦስተኛውን ሲናገር ወደ በሩ ዞረ፤ ማይክራፎኑ ማጅራቱን ቀዳ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ኤልሚ የአገረ ገዢውን መስመር ከስልኩ እያነበበ «እምነትህ ምንድን ነው? ተናገር!» ብሎ ሲጮህበት፣ ዘሩባቤል ደንግጦ «የጄኔሬተር ቴክኒሻን» አለ።

አዴር ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። ሃይማኖት ሌላ፣ ሥራ ሌላ። መጥፎ ንባብ ሲሰሙ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው።

«ስኳር እንደሚበደር ሰው አትናገር» አሉት። «ሰውዬው እየለመነ አይደለም። ከሆድህ አውጣው። ቃሉን አትግፋው፣ ልቀቀው። እኔን ስማ፣ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ‹እኔ—›»

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ኤልሚ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እኔ፣ አልዋሽም፣ መቅጃውን ተጭኜ ነበር።

አዴር አፋቸውን ገጠሙ። ሁለታችንንም በየተራ አዩን።

«‹እኔ የሀርጌሳ ሰው ነኝ›» አሉ። ክፍሉን ሞላው። ስታዲየሙ ይሰማ ነበር። «በዚህ ዜማ። ድገም።»

«እኔ የሀርጌሳ ሰው ነኝ» አለ ዘሩባቤል። ጮክ ብሎ፣ ከሆዱ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ውሸቱን ሲናገር እንዴት እንደሚያምርበት እዩ» አለ ኤልሚ።

«እንደገና» አሉ አዴር።

«እኔ የሀርጌሳ ሰው ነኝ።»

«እንደገና፤ አሁን ቃሏን ቀይራት። ዜማዋን አትንካ። ዊዳድ፣ ቅጂ።»

ቀዳሁ። ዘሩባቤል ስክሪኑ ላይ ያለውን ሽማግሌ አየ። የሽማግሌው አፍ ተከፈተ፣ የእሱም ተከፈተ፣ ቃሉ ወጣ። ጆሮ ማዳመጫዬን በእጄ ማራቅ ነበረብኝ። ከከንፈር ጋር ገጥሟል፤ «ነኝ» የምትለው ላይ የሐዋሳ ቅላጼ አለባት፤ ግን ሰው የተናገረው ነው።

ከታች የልብስ ሰፊዎቹ መኪና እየሠራ ነበር። አንደኛዋ ሳቀች፤ በእኛ አይደለም።

ድምፁን ቀየርኩትና አጫወትኩት። ጳጳሱ በአዴር ድምፅ፣ በአዴር መሻከር፣ ያለ «አለ»፣ ክርስቲያን መሆኑን ለስታዲየሙ ተናገረ። አዴር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«ድምፄ ነው» አሉ። «ቃሉ የእሱ ነው። አላህ የየራሳችንን ያውቃል።»

ኤልሚ ሁለቴ አሰሚኝ አለ፤ ሰማ። «ዱባዮቹ በደስታ ይሞታሉ» አለና ማሽኑን እንድዘጋው በእጁ አሳየኝ። «አዴር፣ ወንበሩ ያንተ ነው። ና ተቀመጥ፤ እሳቱን እንሥራ። እሳቱ እንደ ሸራ ተነፍቶ ዙሪያውን ይከበዋል እንጂ አይነካውም፤ ከዚያ በጩቤ ይወጉታል፤ ደሙ እሳቱን ያጠፋዋል። ብዙ ሥራ ነው። ከደሙ ጋር ርግብ ትወጣለች፤ ርግቧን ከፊልሙ እንቆርጣታለን፤ ማንም አያምነንም።»

«እሳቱን ያመነ ርግቧን ምን ይቸግረዋል?» አልኩ።

አዴር ወደ ወንበራቸው መጡ። ዘሩባቤል አልተነሳም።

«ያንተን ላጠፋው ነው» አልኩት። «እንደተባባልነው፤ ፊትህ። ይኸው።»

«ቆይ። መጀመሪያ ልስማው፤ የእኔን፣ ሳይቀየር።»

አሰማሁት። ግንባሩን ቋጥሮ ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«‹ነኝ› ላይ ፈጠንኩ።»

«ማንም አያውቅም፤ ይለፍ።»

«እኔ አውቃለሁ። እንደገና ልበለው።»

አለው። ይሄኛው ከፊተኛው ይበልጣል። አሰማሁት። መጀመሪያው «እኔ» ላይ ትንሽ ተንቀጥቅጫለሁ አለ። እንደገና አለው። ከዚያ ቆሞ ቢለው ሆዱ እንደሚከፈትለት ነገረን፤ ቆሞም አለውና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኤልሚ ስፖንጁ የሚችለው ልክ አለው እያለ መስኮቱን ሊፈትሽ ሄደ።

«ዘሩ፣ ይበቃል፤ ተነስ» አልኩት። «አዴር ቆመዋል። ሰውዬው ሊቃጠል ነው።»

«ይቆይ» አለ ዘሩባቤል ጆሮ ማዳመጫውን እያስተካከለ። «ያን ያህል ዘመን ጠብቆ የለም እንዴ? አሁን አንዴ ደግሞ ቀስ ብዬ ልበለው።»

አዴር ሌላ ወንበር ፍለጋ ወጡ።